ጅማቱ አለ ወይ?

ሶማሌ ክልል ውስጥ ወዳለው ኤረር ፍል ውሃ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ሕመም ይዞ አይመጣም። ጉልበቱን ያመመው እግሩን ይዘፈዝፋል፤ ወገቡን የያዘው እስከ ደረቱ ይገባል። ትከሻውን ያመመው ደግሞ እስከ አንገቱ ይነከራል፣ ወይም ሌላ ሰው በጣሳ እየቀዳ እንዲያፈስለት ይጠይቃል፤ ምክንያቱም የራሱ ክንድ ጣሳውን ከጆሮው በላይ አያደርስም። ሙቀቱ የተኮማተረ ጡንቻ ያላላል፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ይሰጣል። ልባሱ አልቆ አጥንት ከአጥንት የሚፋጭበትን መገጣጠሚያ ግን አይመልስም።

እንዲህ ያለ ሰው መንገዱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ወጌሻ፣ ቀጥሎ ድሬዳዋ ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና፣ ወደ ጅግጅጋ የሚቀናው ደግሞ ካራማራ ወይም ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል፤ ከዚያ አዲስ አበባ። ውጭ ሀገር ዘመድ ያለው ቤተሰብ ገንዘብ አሰባስቦ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ታይላንድ ይልካል። በዚህ ጉዞ መካከል አንድ ቀን «ትከሻው መቀየር አለበት» የሚል ቃል ይመጣል። የቤተሰቡ የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ የትኛው ይሻላል? የጀርመን ነው የአሜሪካ? ጥያቄው የፍቅር ነው፤ ለእናት ጥሩውን መፈለግ ነው። ግን የምርጫው መነሻ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የሰው ሠራሽ ትከሻ ቅርጽ የሚመረጠው በሚሠራው ሀገር ሳይሆን በትከሻው ውስጥ በተረፈው ነገር ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ በጅማቱ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጀበናና ማቶት ይበቃሉ። የዳሌ መገጣጠሚያ ሙቀጫ ውስጥ እንደገባ ዘነዘና ነው፤ ጥልቅ ጉድጓድ ዙሪያውን ይዞታል። ትከሻ ግን ማቶት ላይ እንደተቀመጠ ጀበና ነው። የጀበናው ቂጥ ክብ፣ ማቶቱ ትንሽና ዝርግ። አሁን ማቶቱን በጎኑ አቁሙትና ጀበናውን እንዳይወድቅ በአራት ጣት ከማቶቱ ጋር አጣብቃችሁ ያዙት። ትከሻ ማለት ይኸው ነው። ጀበናው የላይኛው ክንድ አጥንት ራስ ነው፤ ማቶቱ የትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ጫፍ ላይ ያለችው ጥልቀት የሌላት ጎድጓዳ ናት፤ አራቱ ጣቶች ደግሞ ከፊት፣ ከላይና ከኋላ የሚያቅፉት አራት ትናንሽ ጡንቻዎች ከነጅማቶቻቸው። ከነዚህ በላይ ትልቁ የትከሻ ጡንቻ፣ ሐኪሞች ዴልቶይድ የሚሉት፣ እንደ ካባ ተደፍቶበታል።

የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው። ዴልቶይድ ክንዱን ወደ ላይ ይስባል፤ አራቱ ጅማቶች ኳሱ ሽቅብ እንዳይንሸራተት ከመካከሉ ይይዙታል። ጅማቶቹ ከተበጠሱ ዴልቶይዱ ሲስብ ክንዱ አይነሣም፤ ኳሱ ብቻ ወደ ላይ ሸርተት ብሎ ከላይ ካለው አጥንት ጋር ይጋጫል። ከ60 ዓመት በኋላ የጅማት መሳሳትና መበጠስ የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያመውም ይደርስበታል። ዘመኑን ሁሉ ውሃ የቀዳች፣ እንጨት የተሸከመች፣ ግመል ላይ ጭነት ያሰረች ሴት ትከሻዋ ከዚህ የሚተርፍበት ምክንያት የለም።

ሰው ሠራሽ ትከሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው በእ.ኤ.አ. 1893 በፓሪስ ነው። ዡል ኤሚል ፔያን የተባለ ቀዶ ሐኪም የቲቢ በሽታ ትከሻውን ላፈረሰበት ሰው፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ከፕላቲኒየምና ከጠነከረ ጎማ የሠራለትን ዕቃ ገጠመ። ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፤ ኢንፌክሽኑ አገርሽቶ ወጣ። ይህን ታሪክ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ለእኛ አካባቢ የሚናገረው ነገር አለው።

በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ በኒው ዮርክ ቻርልስ ኒር የተሰበረውን የክንድ አጥንት ራስ በብረት ኳስ መተካት ጀመረ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ በጎድጓዳው በኩል ፕላስቲክ ጨመረበት። ዛሬ ተፈጥሮን የሚከተል የሚባለው ትከሻ የዚህ ልጅ ነው፤ ኳሱ በኳሱ ቦታ፣ ሳህኑ በሳህኑ ቦታ። ጅማቶቹ ጤነኛ የሆኑለት ሰው ይህን ሲያገኝ የራሱ ትከሻ የተመለሰለት ያህል ይሰማዋል፤ ክንዱ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ይዞራል፣ እጁ ወደ ጀርባው ይደርሳል።

ቅድመ ሁኔታው ግን ጽኑ ነው። ጅማት በሌለበት ትከሻ ውስጥ ይህ ቅርጽ ከገባ ኳሱ ሽቅብ ይወጣና የፕላስቲኩን የላይ ጠርዝ ይጫናል፤ የታችኛው ጠርዝ ይነሣል። ክንዱ ሲወርድ ይመለሳል፤ ሲነሣ እንደገና። የድንኳን ካስማ የነቀለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ካስማ ቀጥ አድርገው ሲስቡት እምቢ ይላል፣ ወዲያና ወዲህ ሲወዘውዙት ግን ይላላል። በአጥንት ሲሚንቶ የተጣበቀው ፕላስቲክም እንዲሁ ተወዝውዞ ይለቃል። ተፈጥሮን የሚከተለው ትከሻ በረጅም ጊዜ ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ የሳህኑ መላላት ነው። ሌላም አለ፤ ሐኪሙ ወደ መገጣጠሚያው ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛውን ጅማት ከአጥንቱ ያላቅቃል፣ ሲጨርስ መልሶ ይሰፋዋል። ያ ስፌት እስኪጠግግ ሳምንታት ክንድ ታስሮ መቀመጥ፣ ከዚያ ወራት የፈጀ የፊዚዮቴራፒ ክትትል ይጠይቃል። ስፌቱ ከለቀቀ ያቺ ከአራቱ ጣቶች አንዷ ሄደች ማለት ነው።

ሁለተኛው ቅርጽ የተወለደው ጅማታቸው ላለቀባቸው ሰዎች ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፤ ጀበናውን ማቶቱ ቦታ፣ ማቶቱን ጀበናው ቦታ ማድረግ። ኳሱ በብሎን ከትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ጋር ይታሰራል፤ ጽዋው ክንዱ ላይ ይሆናል። ግልብጥ ትከሻ የሚባለው ይህ ነው። በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ብዙዎች ሞክረውት ከሽፏል፤ ኳሱ ከአጥንቱ ርቆ ስለሚቆም ክንዱ በተነሣ ቁጥር ብሎኖቹን እየጎተተ ይነቅላቸው ነበር። በእ.ኤ.አ. 1985 በፈረንሳይ ዲዥን ከተማ የነበረው ፖል ግራሞ ነገሩን በሁለት ውሳኔ ለወጠው። የመዞሪያውን ማዕከል ወደ ውስጥ አስገብቶ ከአጥንቱ ገጽ ጋር አስተካከለው፤ ክንዱን ደግሞ ወደ ታች ዝቅ አደረገው።

በር ከማጠፊያው አጠገብ ሲገፉት ይከብዳል፤ ከእጀታው በኩል ሲገፉት በጣት ይሄዳል። ግራሞ ያደረገው ማጠፊያውን ከዴልቶይድ ማራቅ ነው። ማዕከሉ ወደ ውስጥ ሲገባ ጡንቻው የሚገፋበት ርቀት ይረዝማል፤ ክንዱ ሲወርድ የላላው ጡንቻ ይወጠራል። ኳሱ በብሎን ስለታሰረ ሽቅብ የሚንሸራተት ነገር የለም። ስለዚህ አራቱ ጣቶች ባይኖሩም ዴልቶይድ ብቻውን ክንዱን ያነሣል። ለዓመታት እጇን ወደ አፏ ለማድረስ በሌላው እጅ ትደግፍ የነበረች እናት ራሷን ችላ ጸጉሯን ስታበጥር ማየት፣ በዘመናዊ የአጥንት ሕክምና ውስጥ ካሉት ደስታዎች አንዱ ይመስለኛል። አሜሪካ ይህን ቅርጽ የፈቀደችው በእ.ኤ.አ. 2003 ነበር፤ ዛሬ በብዙ ሀገሮች መዝገብ ላይ ከተፈጥሯዊው ቅርጽ በቁጥር በልጧል።

ይህም ቅርጽ የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሥራው ሁሉ በዴልቶይድ ላይ ስለወደቀ ዴልቶይዱና ነርቩ ሕያው መሆን አለባቸው። ይህ ነርቭ የክንዱን አጥንት አንገት ዞሮ የሚያልፍ ስለሆነ፣ ትከሻ ሲወልቅ ወይም በመኪናና በባጃጅ አደጋ ሲመታ ይጎዳል። ሐኪሙ የትከሻውን ውጫዊ ቆዳ በጣቱ እየነካ «ይሰማሻል?» ሲል፣ ቀጥሎም ጡንቻውን እንድታጠብቀው ሲያዝ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጡንቻው ከሞተ ግልብጥ ትከሻ የትኛውም ፋብሪካ ቢሠራው ክንዱን አያነሣውም፤ ከቦታውም እየወለቀ ያስቸግራል።

ዋጋም ያስከፍላል። የግራሞ ጽዋ ከዘንጉ ጋር 155 ዲግሪ ያዘነበለ ነበር፤ ክንዱ ወደ ጎን ሲወርድ የጽዋው ጠርዝ ከኳሱ በታች ያለውን አጥንት እየፈገፈገ ይበላዋል። ይህን ለማስቀረት በኋላ የመጡ ሠሪዎች ማዘንበሉን ወደ 145 እና 135 ዲግሪ አወረዱት፤ ኳሱንም ጥቂት ወደ ውጭ ገፉት። አጥንቱ መበላቱ ቀነሰ፤ ከኋላ የተረፈ ጅማት ካለም ተወጥሮ ክንዱን ወደ ውጭ ማዞር ቻለ። በአንጻሩ ኳሱ ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ብሎኖቹ ላይ የሚያርፈው ጉተታ ይጨምራል። ዴልቶይድ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ደግሞ የሚነሣበት የትከሻ ጫፍ አጥንት፣ በተለይ አጥንታቸው በሳሳ አሮጊቶች ላይ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንግዲህ አዲሱ ሁሉ ከአሮጌው ይሻላል ማለት አይቻልም፤ አንዱን ችግር የሚያቃልል ማስተካከያ ሌላውን ይጠራል። ከሳህኑ በኩልም ትምህርት አለ። ከጀርባው ብረት የተለበጠበት፣ ሲሚንቶ የማይፈልግ ሳህን በወጣ ጊዜ ዘመናዊ መስሎ ነበር፤ የአውስትራሊያ ብሔራዊ መዝገብ ሲቆጠር ግን ብዙዎቹ በሲሚንቶ ከሚጣበቀው ተራ ፕላስቲክ በበለጠ እንደገና ለመቀየር ተዳርገዋል።

አሁን ወደ ኤረር ቤት እንግባ፤ እስካሁን ያልነው ሁሉ እዚህ ትርጉሙ ይለወጣል። የሰፈሩ ሰዎች በአክብሮት «ኤዶ» የሚሏትን የ68 ዓመት እናት እናስብ። ጅማቶቿ ተበጥሰዋል፣ ዴልቶይዷ ደኅና ነው። የሕክምናው መጽሐፍ ግልብጥ ትከሻ ይላል፤ ትክክል ነው። ግን ኤዶ ቀኗን የምታሳልፈው ምንጣፍ ላይ ነው። ስትነሣ መዳፏን ከኋላዋ መሬት ላይ ተክላ፣ ክንዷን ወደ ሰውነቷ አስጠግታ ትገፋለች። ግልብጥ ትከሻ በቀላሉ የሚወልቅበት አኳኋን በትክክል ይኸው ነው፤ ክንድ ወደ ኋላ፣ ወደ ሰውነት ተጠግቶ፣ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ክብደት ሲጫነው። ባንኮክ ወይም ዴልሂ ያለው ሐኪም ከወንበር ስትነሣ እንድትጠነቀቅ ይነግራታል፤ ወንበር ግን ቤቷ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሐኪም ኳሱን አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ሊያደርገው፣ ጽዋውን ጠለቅ ያለ ሊመርጥ፣ ውጥረቱንም ሊያጠብቅ ይችላል። ያም ባይሆን ከቀዶ ሕክምናው በፊት በጤነኛው እጅና በጉልበት መነሣትን ትለማመዳለች።

የግራ እጅ ጉዳይም አለ። ሰው በእፍረት አይናገረውም፤ ሐኪሙም ባህሉን ካላወቀ አይጠይቅም። ከመጸዳጃ በኋላ በውሃ መታጠብ በግራ እጅ ነው። ግልብጥ ትከሻ በብዛት ከሚያጎድላቸው እንቅስቃሴዎች አንዱ ደግሞ እጅን ወደ ኋላ፣ ወደ ጀርባና ወደ መቀመጫ ማድረስ ነው። ቀኝ ትከሻዋ ቢቀየር ብዙም ላይሰማት ይችላል፤ ግራው ከሆነ ግን ክንዷ እስከ ራሷ እየተነሣ እንኳ በየቀኑ የምታዝንበት ነገር ይኖራል። ሁለቱም ትከሻዎች ያለቁለት ሰው የትኛው ቀድሞ ይቀየር የሚለውንም ይህ ይወስናል። ኳሱ የሚቀመጥበት ከፍታና የጽዋው ማዘንበል ይህን እንቅስቃሴ ሊጨምሩም ሊቀንሱም ስለሚችሉ፣ የንድፉ ውይይት አካል መሆን ይገባዋል። ሴት ልጅ ወይም እህት ከሐኪሙ ጋር ብትገባ ነገሩን ለመናገር ይቀላል። ለሶላት እጅን ወደ ጆሮ ማንሣት ከሁለቱም ቅርጾች ጋር ብዙውን ጊዜ የሚቻል ነው፤ ከሱጁድ ስትነሣ ክንድ ላይ መደገፉን ግን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሕመምተኛ ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ እንደሚችል ሃይማኖቱ ራሱ ፈቅዷል። ጀሪካን መሸከሙን መጠየቅም አይረሳ፤ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው።

ስብራት ለብቻው ይታያል። ወድቀው የክንዳቸው አጥንት አንገት የተሰበረባቸው ሽማግሌዎች ሁሉ አዲስ ትከሻ አያስፈልጋቸውም። በእ.ኤ.አ. 2015 የታተመ 250 ሰዎች ያሳተፈ የእንግሊዝ ጥናት፣ ቦታውን የለቀቀ ስብራት ካለባቸው ውስጥ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና ክንዳቸው ተንጠልጥሎ የታከሙት ከሁለት ዓመት በኋላ ልዩነት እንዳልነበራቸው አሳይቷል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ኳሱ ተሰንጥቆ ወይም ከሳህኑ ወጥቶ የቆየ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ወልቆ ለወራት የቆየን ትከሻ በኃይል መጎተት ያንን ዴልቶይድን የሚያንቀሳቅሰውን ብቸኛ ነርቭ ሊበጥሰው ይችላል፤ ወጌሻው ባለሙያ ቢሆንም ከሦስት ሳምንት ያለፈውን ትከሻ ወደ ራጅ እንዲልክ የምለምነው ለዚህ ነው።

የአጥንቱም መጠን አለ። ብዙዎቹ ዕቃዎች የተለኩት በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ነው፤ በምሥራቅ እስያ የሠሩ ሐኪሞች የትናንሽ ሴቶች ጎድጓዳ ከመደበኛው የኳስ መቀመጫ ሲያንስ ገጥሟቸዋል። ስለዚህ ሲቲ ስካን ከቀዶ ሕክምናው በፊት መነሣቱ ቅንጦት አይደለም፤ የጎድጓዳውን ስፋት፣ ከኋላ በኩል ተበልቶ ማዘንበሉን፣ ብሎን የሚይዝ አጥንት መኖሩን የሚያሳየው እሱ ነው። ክንዱ ውስጥ የሚገባው ዘንግ ረጅም ይሁን አጭር ወይም ጭራሹን አይኑር የሚለው ክርክር ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። እኔ ክብደት የምሰጠው ለአንድ ነገር ነው፤ ተፈጥሯዊው ትከሻ አንድ ቀን ወደ ግልብጥ መለወጥ ካስፈለገ ዘንጉ ሳይነቀል ጫፉ ብቻ የሚቀየርበት ዓይነት መኖሩን መጠየቅ። ከአጥንት ጋር የተዋሐደ ዘንግ መንቀል ራሱን የቻለ ከባድ ሥራ ነው።

ፔያንን አልረሳሁትም። የእርሱ ዕቃ የወጣው ውስጡ የቆየው በሽታ ስላልጠፋ ነበር። የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ጥሬ የግመልና የፍየል ወተት ይጠጣል፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ከዚያ ይመጣል፣ በመገጣጠሚያም ይቀመጣል። ቲቢም አጥንት ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል። የሁለቱም ሕመም እንደ ተራ የመገጣጠሚያ ማለቅ ሊመስል ይችላል። ከዚህ አካባቢ የሄደ ታካሚ «ጥሬ ወተት እጠጣለሁ፣ ማታ ማታ ያልበኛል» ብሎ ሳይጠየቅ መናገር አለበት፤ በሌላ ሀገር ያለ ሐኪም ስለ ብሩሴሎሲስ የሚያስብበት ምክንያት ላይኖረው ይችላል። ኢንፌክሽን ባለበት ትከሻ ውስጥ የትኛውም ቅርጽ አይጸናም።

የቦታ ጥያቄ በንድፍ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ለሚጠራጠር ሰው ምሳሌው አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ዶክተር ሉዊስ ዘርክል በእ.ኤ.አ. 1999 በአሜሪካ ሪችላንድ ከተማ የመሠረቱት ሳይን የተባለ ድርጅት ለእግር አጥንት ስብራት የሚሆን ዘንግ ሠራ፤ በቀዶ ክፍል ውስጥ የሚሠራ የራጅ ማሽን ሳያስፈልግ፣ በእጅ መሣሪያ ቀዳዳውን በመዳሰስ ብሎን የሚታሰርበት። ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በሀገራችን ሆስፒታሎች ሠርቷል። ሐኪሞቹ የታካሚውን ራጅ ይልካሉ፤ የተጠቀሙበት ዕቃ ይተካላቸዋል፤ በዚያው ውጤቱ ይመዘገባል። ንድፉ የተጀመረው «ይህ ዕቃ የሚገባበት ሆስፒታል ምን የለውም?» ከሚል ጥያቄ ነው። የትከሻ ዕቃ እንዲህ ታስቦ አልተሠራም። ስለዚህ ጥያቄውን ታካሚው ራሱ ይዞ መሄድ ይኖርበታል፤ ይህ ትከሻ ከአሥር ዓመት በኋላ ቢላላ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም የሚፈታበት መሣሪያ ያገኛል ወይ?

እያንዳንዱ ሠሪ የራሱ ብሎን፣ የራሱ መፍቻ አለው። እንግሊዝ ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ የተተከለ ትከሻን ሁሉ በብሔራዊ መዝገቧ ስለምታሰፍር፣ የትኛው ታካሚ ምን እንደገባለት ከዓመታት በኋላም ይታወቃል። ከኤረር ሄዶ ውጭ ሀገር የተሠራ ሰው መዝገቡ ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። በቀዶ ሕክምናው ቀን ከዕቃዎቹ ማሸጊያ ላይ ተለጣፊ ወረቀቶች ይላጣሉ፤ የሠሪው ስም፣ የዕቃው ቁጥር፣ የኳሱና የጽዋው መጠን፣ የተመረተበት መለያ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ሆስፒታሉ በፋይሉ ላይ ይለጥፋቸዋል፤ ቅጂው ለታካሚው እንዲሰጥ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። አብሮት የቀዶ ሕክምናው ሪፖርትና ከተሠራ በኋላ የተነሣው ራጅ። ኤዶ ስትመለስ ልጇ እነዚህን በስልኩ ፎቶ ያንሣቸው፤ ዋናውን ከመታወቂያዋ ጋር በአንድ ፌስታል ያስቀምጥ፤ ሌላ ቅጂ ድሬዳዋ ወይም ጅግጅጋ ለሚከታተላት ሐኪም ያስረክብ። በዓመቱ በተመሳሳይ ማዕዘን ሁለተኛ ራጅ ይነሣና ከመጀመሪያው ጎን ይቀመጥ፤ ሐኪሙ የኳሱን የታች ጠርዝና ብሎኖቹን አይቶ አጥንቱ መበላት አለመበላቱን የሚያውቀው ሁለቱን ሲያስተያይ ነው።